ቤት ልማር ወይስ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ልግባ?

የዛሬው ምላሽ ከቡሬ ለጻፈችልን ተማሪ ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወስዳ በጥሩ ውጤት አልፋለች። ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ በከረመበት ዓመት የሂሳብ መምህር የሆኑት አጎቷ በቤት አስተምረዋታል። አሜሪካ የሚኖሩት አክስቷ «የእኔ ልጆች የሚማሩት በቤት ነው፤ አንቺም ከአጎትሽ ጋር ቀጥዪ፤ የኮምፒውተሩንና የኢንተርኔቱን ወጪ እኔ እችላለሁ» ብለዋታል። የክፍል ኃላፊ መምህሯ ደግሞ ለመንግሥት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና እንድትቀመጥ ይገፋፏታል። አባቷ ልጃቸው ከቤት እንድትርቅ አይፈልጉም። እሷ የምግብ ምህንድስና መማር ትመኛለች፤ የትኛው መንገድ እንደሚያደርሳት ጠይቃናለች።

ልጄ፣ የመግቢያ ፈተናውን ውሰጂ። ፈተናውን መውሰድ ትሄጃለሽ ማለት አይደለም፤ ብታልፊም «አልሄድም» ማለት ትችያለሽ። ካልተፈተንሽ ግን የምትመርጪው ነገር አይኖርሽም። ከአባትሽም ጋር መጀመሪያ በዚህ ብቻ ተስማሙ፤ የመሄድና ያለመሄዱ ንግግር ውጤቱ ከመጣ በኋላ ይድረስ።

አክስትሽ የነገሩሽ እውነት ነው፤ የሚሠራው ግን እዚያው እሳቸው ባሉበት አገር ነው። በአሜሪካ ልጅን በቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው። አንዳንዱ ግዛት ልጁ በየጊዜው እንዲመዘን ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ወላጅን ብዙም አያስጨንቅም። ልጁ ትምህርቱን ሲጨርስ ወላጅ ያዘጋጀውን የውጤት ማስረጃ የሚቀበሉ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በእኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባሽ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ ለእሱ የምትመዘገቢውም በምትማሪበት ትምህርት ቤት በኩል፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለው ውጤትሽ በመዝገብ ሰፍሮ ሲገኝ ነው። የግል ተፈታኝ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። እነሱ በአብዛኛው 12ኛ ክፍልን ከዚህ ቀደም ጨርሰው ውጤታቸውን ለማሻሻል የሚመለሱ ናቸው። አጎትሽ ከማንም የተሻለ ሂሳብ ሊያስተምሩሽ ይችላሉ፤ የ9ኛ ክፍል ካርድ ግን ሊሰጡሽ አይችሉም። አራት ዓመት በቤት በርትተሽ ተምረሽ በመጨረሻ መመዝገቢያ ማጣት እንዳይደርስብሽ እፈራለሁ። የማታና የርቀት ትምህርት እንዳለ አውቃለሁ፤ እሱም ቢሆን ምዝገባና ካርድ ያለው ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲዘጋ የሚያዝ መንገድ አድርጌ ነው የማየው።

መምህርሽ የሚገፋፉሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በርካታ በሆኑባቸው በእነዚያ ዓመታት፣ ጎልተው ከታዩት መካከል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙበታል። ይህን ስነግርሽ ግን እንዳትሳሳቺ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር የሚቀበሉት በፈተና የተመረጠ ተማሪ ነው፤ ስለዚህ የውጤታቸው ማማር ሁሉ የማስተማራቸው ፍሬ አይደለም። ለአንቺ የሚጠቅመው ከፍ ያለ ቁጥራቸውን ከማየት ይልቅ በየቀኑ ምን እንደሚያደርጉ ማወቅ ነው።

ለምኞትሽ ደግሞ ቤተ ሙከራ ወሳኝ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኬሚካልና የምግብ ምህንድስና ፋኩልቲ አለው፤ አንድ ቀን እዚያ እንደምትገቢ ተስፋ አደርጋለሁ። እዚያው ከተማሽ ውስጥም የፊቤላ ዘይት ፋብሪካና የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አሉልሽ። በእነዚህ ቦታዎች የሚፈለገው ሰው ናሙና ወስዶ የሚለካ፣ የለካውን መዝግቦ የሚያመዛዝን ነው። አሲድና ቤዝን በቪዲዮ ማየት ይቻላል፤ ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ቀለሙ የሚለወጥበትን ቅጽበት በራስ እጅ መያዝ ግን በቪዲዮ አይገኝም። ብዙ መደበኛ ትምህርት ቤቶቻችንም ቢሆኑ ኬሚካል የሌለው ቤተ ሙከራ ይዘው እንደተቀመጡ አውቃለሁ። ስለዚህ አዳሪ ትምህርት ቤቱን «ቤተ ሙከራ አላችሁ?» ብለሽ አትለፊ። «የ9ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ስንት ጊዜ ይገባል? በእጁ ይሠራል ወይስ ቆሞ ያያል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ከተቻለ መልሱን ከመምህራኑ ይልቅ እዚያ ከምትማር ልጅ ስሚ።

አሁን ለሴት ልጅ ብቻ የምናገረውን ልናገር። ቤት የምትውል ልጅ መጽሐፍ ይዛ ብትቀመጥም ሥራ እንደሌላት ትቆጠራለች። እንግዳ ሲመጣ ቡና የምታፈላው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ እናት ገበያ ስትሄድ ሕፃን የምትይዘው እሷ ናት። ይህን የምለው ቤተሰብሽ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ለሁሉም ቤት እንዲሁ ነው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ስሟ ከትምህርት ቤት መዝገብ የወጣ የ15 ዓመት ልጅ በእኛ አካባቢ ሽማግሌ የሚላክባት መሆኑ ነው። ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው ይላል። ሕጉን የሚያስከብርልሽ የመጀመሪያው ነገር ግን በየጠዋቱ ስምሽን የሚጠራ መምህር መኖሩ ነው። ከክፍል ስትቀሪ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ ቤት ስትቀሪ የሚጠይቅ የለም።

የአባትሽን ሥጋት ቀለል አድርገሽ አትመልከቺው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በጎጃም መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ ያየ አባት ልጄን ከዓይኔ አላርቅም ቢል ልክ ነው። እሳቸውን የሚያሳምን መልስ የሚገኘው ከትምህርት ቤቱ ነው። ከተቻለ ራሳቸው ሄደው ይጠይቁ። መንገድ ከተዘጋ ተማሪዎቹ የት ይቆያሉ? ከቤተሰብ ጋር በምን ይገናኛሉ? የሴቶቹን መኝታ የምትጠብቀው ማን ናት፣ ማታስ እዚያው ታድራለች? ልጅ ብትታመም ሌሊት ወዴት ትወሰዳለች? የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ይሰጣል ወይስ ከቤት ይላካል? ምግቡና መኝታው በነፃ ከሆነ ቤተሰብ የሚሸፍነው ምን ቀረ? እነዚህን በግልጽ የማይመልስ ትምህርት ቤት ከሆነ፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ እኔም ከአባትሽ ጎን እቆማለሁ።

ለአባትሽ አንድ ነገር ጨምሪላቸው። ለትምህርት ከቤት መውጣት ለጎጃም እንግዳ አይደለም፤ ለዋሸራና ለዲማ ቅኔ ስንት ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ ርቋል። ያ ዕድል የወንዶች ብቻ ሆኖ መቆየቱን እሳቸውም ያውቁታል። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አብዛኛው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ፈተናውን ሲወስድ የቆየው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እያደረ ነው። ከቤት ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድሩበት ሌሊት የፈተናው ዋዜማ የሆነባቸው ልጆች እንቅልፍ አጥተው እንደሚፈተኑ ከራሳቸው ሰምቻለሁ።

መግቢያውን ባታገኚ ወይም መልሶቹ ባያረኩ ወደ ቤት ትምህርት አትመለሺ። እዚያው ቡሬ በመደበኛ ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ተመዝገቢ፣ አጎትሽም ማታና ቅዳሜ ይቀጥሉ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሂሳብ) ማዕከል ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተግባር ሥልጠና ይሰጣል፤ ዘመድ ካላችሁ ክረምቱን እዚያ ማሳለፍ ይቻላል። ይህ ሦስተኛው መንገድ ከአዳሪው ብዙም የሚያንስ አይመስለኝም፤ ከቤት ትምህርቱ ግን እጅግ ይበልጣል።

የአክስትሽን ስጦታ ደግሞ አትመልሺው። ኮምፒውተሩ የትም ብትማሪ ይጠቅምሻል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ጎበዝ ልጆች የሚሰናከሉት ሳይንሱ ከብዷቸው ሳይሆን የጥያቄው ቋንቋ አልገባ ብሏቸው ነው። አክስትሽ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ በእንግሊዝኛ ብቻ ቢያነጋግሩሽ ከማንኛውም የኢንተርኔት ትምህርት የበለጠ ውለታ ዋሉልሽ ማለት ነው። አጎትሽንም ከአሁኑ የ9ኛውን ሂሳብ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ እንዲያስጀምሩሽ ለምኛቸው።

በዚህ ሳምንት የ8ኛ ክፍል ውጤትሽን ከትምህርት ቤትሽ ተቀበዪና ሁለት ቅጂ አስነሺ። ከዚያ ከመምህርሽ ጋር ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የመግቢያ ፈተናው ምዝገባ መቼ እንደሚዘጋ ጠይቁ። የመደበኛው 9ኛ ክፍል ምዝገባም እንዳያልፍሽ፤ የአዳሪው መልስ እስኪመጣ አትጠብቂ። ውጤቱ ሲደርስሽ ትምህርት ቤቱ ለአባትሽ ከመለሰላቸው መልስ ጋር ጻፊልኝ፤ መሄድ አለመሄዱን ያኔ አብረን እናያለን።