መምህሩ «መጣ» ሲል «መታ» እንዳይሰማ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ እንጅባራ፣ የመማሪያ ክፍል ለምትነድፉና ለምትሠሩ ልጆቼ፤

ባዶ ክፍል ገብታችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው «ትርርር» ካለ ግድግዳዎቹ እየተቀባበሉት ነው። መምህሩ «መጣ» ሲል ከኋላ ያለው ልጅ «መታ» ብሎ የሚጽፈው ለዚህ ነው፤ የአንዱ ፊደል ጅራት ቀጣዩን ይሸፍነዋል። መምህሩ ቢጮህ ጅራቱም አብሮ ይጮሃል።

ስሌቱ አያስቸግርም። የክፍሉን ይዘት (ርዝመት በወርድ በከፍታ፣ በሜትር) በ0.161 አባዙና ድምፁ እንዲከስም በምትፈልጉት ሰከንድ አካፍሉ፤ ድምፅ የሚውጥ ስፋት በካሬ ሜትር ይወጣላችኋል። ለመማሪያ ክፍል 0.6 ሰከንድ ያዙ። 7 በ8፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 45 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ልስኑ፣ ሲሚንቶውና ኮርኒሱ ተደማምረው 6 ቢሰጡ ነው፤ 50 ተማሪ 17 ገደማ ይጨምራል። 22 ጎደለ፤ እሱን የሚሞላው ድምፅ የሚውጥ ፓነል ነው። የእንጨት ዴስክ እዚህ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። እግሩ ብረት ከሆነማ ወለሉን ሲፍቅ ራሱ ረባሽ ነውና ከአሮጌ ጎማ ቆርጣችሁ ጫማ አድርጉለት።

ፓነሉን 120 በ60 ሳንቲ ሜትር በሞራሌ ግጠሙ፤ ውስጡ 5 ሳንቲ ሜትር ግላስ ዉል (ከመስታወት ክር የተሠራ እንደ ጥጥ ያለ ነገር)፣ ብናኙ ልጆቹ ላይ እንዳይወርድ ፊቱ ጨርቅ። ጨርቁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ንፉበት፤ ትንፋሽ ካሳለፈ ድምፅም ያሳልፋል። ቀለም የተቀባ ዕለት ግን ፓነልነቱ አበቃ። የእንጅባራ ቀርከሃ ፊቱ ላይ ያምራል፣ ላላ ተደርጎ ከተሠራ። የእንቁላል ትሪ የሚለጥፉትን አትስሟቸው። ስፖንጅም እሳት ከያዘው ጭሱ መርዝ ነው።

ፓነሉ 70 በመቶ ይውጣል ብላችሁ ብትይዙ 31 ካሬ ሜትር ይበቃል፦ ከኋላ ግድግዳ ከ1 ሜትር በላይ ያለው 14፣ በኮርኒሱ ዳር ዳር በ60 ሳንቲ ሜትር ስፋት የሚዞረው 17 ገደማ። የግድግዳውን 5 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ስቀሉት፤ ጎርናናውንም ድምፅ ይይዛል። የኮርኒሱን መሃል አትንኩ፤ የመምህሩን ድምፅ ወደ ኋላ የሚያደርሰው እሱ ነው።

የሰኔ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ፓነል አያድነውም። እዚያ የሚሠራው ክብደት ነው፦ ሁለት ንብርብር ጂብሰም ቦርድ፣ የላይኛው መጋጠሚያ በታችኛው መጋጠሚያ ላይ ያላረፈ፣ ከላዩ ግላስ ዉል፣ ዳሩ የተደፈነ። የአምፖል ቀዳዳ እንኳ ክፍት ከቀረ ድካማችሁን ያባክነዋል። ይህ ኮርኒስ ግን ለዚያ ክፍል 1 ቶን ገደማ ይመዝናልና፣ የባህር ዛፉ ማገር መሸከሙን ቦርዱን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።