የአንባቢያን ጥያቄ፦ ከሙኒክ አደጋ በኋላ ለማንቸስተር ዩናይትድ የደረሰው ትንሽ ክለብ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። በሙኒኩ የአውሮፕላን አደጋ ብዙ ተጫዋቾች ባለቁበት ጊዜ፣ በአንድ ትንሽ ከተማ የሚገኝና ለተጫዋቾቹ ደመወዝ የማይከፍል ክለብ ዩናይትድን እንደታደገው በቅርቡ ሰማሁ። ጓደኞቼ ግን «ተረት ነው» ብለው አጣጣሉት። እውነት ከሆነ ክለቡ ማን ይባላል? እንዲህ ያለ ክለብ ለዩናይትድ የሚመጥን ተጫዋች እንዴት ሊኖረው ቻለ? ዛሬስ በምን ደረጃ ላይ ይገኛል?
አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ነገሩ ተረት አይደለም። ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ግን እየተጋነነ ስለ መጣ፣ ታሪኩን ከልኩ ሳናሳልፍ ማስቀመጥ ይገባናል። ክለቡ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደርሃም ግዛት የሚገኘው ቢሾፕ ኦክላንድ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 ዓ.ም. የዩናይትድ ቡድን ከቤልግሬድ ሲመለስ ነዳጅ ለመሙላት ሙኒክ ላይ ያረፈው አውሮፕላን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ለመነሣት ሲሞክር ተከሰከሰ። በአደጋው 23 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህም 8ቱ ተጫዋቾች ነበሩ። የክለቡ ጸሐፊና ሁለት የአሠልጣኝነት ባልደረቦችም አብረው አለፉ፤ ዋናው አሠልጣኝ ማት በዝቢ በጽኑ ቆስሎ ሆስፒታል ገባ። ምክትሉ ጂሚ መርፊ ያን ሰሞን የዌልስ ብሔራዊ ቡድንን ይዞ በካርዲፍ ስለነበር ከጉዞው ቀርቶ ነበርና፣ የፈረሰውን ቡድን መልሶ የማቆሙ ሥራ በእሱ ላይ ወደቀ። ከ13 ቀናት በኋላ ዩናይትድ በኤፍ ኤ ዋንጫ ሼፊልድ ዌንስደይን ሲያስተናግድ፣ ለተመልካች የተሸጠው የጨዋታው መጽሔት በዩናይትድ በኩል 11ዱንም የስም መስመሮች ባዶ ትቶ ታተመ፤ መጽሔቱ ማተሚያ ቤት በገባበት ሰዓት ማን እንደሚሰለፍ የሚያውቅ አልነበረም።

ቢሾፕ ኦክላንድ የገባው በዚህ ጭንቅ መካከል ነው። ቦብ ሃርዲስቲ፣ ዴሪክ ልዊን እና ዋረን ብራድሊ የተባሉ ሦስት ተጫዋቾቹ ወደ ማንቸስተር ሄደው ለዩናይትድ ተጫወቱ። የተሰለፉት ግን፣ ብዙዎች እንደሚያወሩት በሼፊልዱ ጨዋታ ሳይሆን፣ በዩናይትድ ተጠባባቂ ቡድን ውስጥ ነበር። መርፊ ለዋናው ቡድን ኤርኒ ቴይለርንና ስታን ክራውዘርን በጥድፊያ ገዝቶ የቀረውን ክፍተት በወጣቶች ሲሞላ፣ የተጠባባቂው ቡድን ባዶውን ቀረ። ይህም ቡድን የራሱ ሊግና የራሱ መርሐ ግብር ስለነበረው፣ ወጣቶቹን የሚመራ ልምድ ያለው ተጫዋች በአስቸኳይ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ የቢሾፕ ኦክላንድ ልጆች ዩናይትድን ብቻቸውን ታደጉ ማለት ከልክ ያለፈ ነው። ያም ሆኖ በዚያ ወቅት የተደረገው ውለታ በምንም መለኪያ ትንሽ አልነበረም። ሃርዲስቲ ያን ጊዜ ዕድሜው 37 ደርሶ ጫማውን የሰቀለ ሰው ነበር።

ለምን ከቢሾፕ ኦክላንድ? አንደኛው ምክንያት ትውውቅ ነው። በዝቢ በ1948ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የታላቋ ብሪታኒያን አማተር ቡድን ሲያሠለጥን ሃርዲስቲን በቅርብ አውቆት ነበር። ሌላው ምክንያት ደግሞ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። አማተር ተጫዋች ከክለቡ ጋር የሚያስረው የደመወዝ ውል ስለሌለው፣ ዩናይትድ የዝውውር ገንዘብ መክፈልና ረጅም ድርድር ማድረግ አላስፈለገውም። ያለ ዝውውር ገንዘብ በአጭር ጊዜ ክለብ ቀይሮ ሜዳ ሊገባ የሚችል ብቁ ተጫዋች በአማተሮቹ መንደር ይገኝ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንሻገር፣ ነገሩ በእርግጥም ያስገርማል። ቢሾፕ ኦክላንድ በድንጋይ ከሰል ማዕድን የኖረ ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ በስሙ ውስጥ ያለው «ቢሾፕ» (ጳጳስ) የሚለው ቃል የመጣው የኦክላንድን ቤተ መንግሥት ለብዙ መቶ ዓመታት መኖሪያቸው ካደረጉት ከደርሃም ጳጳሳት ነው። የክለቡም አጀማመር ከዚሁ ግቢ ጋር ይያያዛል። በ1880ዎቹ በጳጳሱ ዘንድ ሥነ መለኮት ለመማር የመጡ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ክለቡ እስከ ዛሬ የሚለብሰው ጥቁር ሰማያዊና ውሃ ሰማያዊ መለያ ከእነዚህ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ቀለም የመጣ ነው። የምሥረታ ዓመቱ 1886 ተብሎ ይቆጠራል። ከእንግሊዝ እግር ኳስ ሊግ አንድ ዓመት ብቻ ዘግይቶ በ1889 የተቋቋመው ኖርዘርን ሊግ ሲጀመርም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። የጳጳስ ተማሪዎች የጀመሩትን ኳስ ግን ወዲያው የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ልጆች ወረሱት።

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ለተጫዋች ደመወዝ መክፈልን የፈቀደው በ1885 ነው። ከዚያ በኋላ የሚከፈላቸውና የማይከፈላቸው ተጫዋቾች መንገድ ተለያየ፤ ለማይከፈላቸው ብቻ የተዘጋጀው የአማተር ዋንጫም በ1893/94 የውድድር ዘመን ተጀመረ። ይህ ዋንጫ እስከ ቆመበት እስከ 1974 ድረስ ቢሾፕ ኦክላንድ 10 ጊዜ ወስዶታል፤ የሚስተካከለው ክለብም አልነበረም። በተጨማሪ 8 ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ተሸንፏል። በአካባቢው ያሉት ጎረቤቶቹም ቀላል አልነበሩም። በ1950ው የአማተር ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ቢሾፕ ኦክላንድን 4 ለ 0 የረታው ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ዊሊንግተን ነው። ሌላዋ ጎረቤት ዌስት ኦክላንድ ደግሞ በ1909 እና በ1911 ጣሊያን ድረስ ሄዳ በቱሪን የተዘጋጀውን የሰር ቶማስ ሊፕተን ዋንጫ አሸንፋ መጥታለች፤ በሁለተኛው ጉዞዋ በፍጻሜው ያሸነፈችው ዩቬንቱስን ነው፤ ያውም 6 ለ 1። ይህን የመሰለ የኳስ ፍቅር በአንድ ጠባብ አካባቢ ተከማችቶ ማየት ብርቅ ነው፤ ለእኛ የታሪኩ ልብ የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው።

የቢሾፕ ኦክላንድ ወርቃማ ዘመን 1950ዎቹ ናቸው። በ1954 ከሌላ ጎረቤቱ ከክሩክ ታውን ጋር ያደረገው የአማተር ዋንጫ ፍጻሜ በአንድ ቀን አላለቀም። ዌምብሌይ ላይ በ100,000 ተመልካች ፊት 2 ለ 2፣ ኒውካስል ላይ በድጋሚ 2 ለ 2 ተለያዩ፤ በመጨረሻ ሚድልስብራ ላይ ክሩክ 1 ለ 0 አሸነፈ። ሁለት የከሰል ከተሞች ያደረጓቸውን ሦስቱን ጨዋታዎች በድምሩ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ ተመልክቷቸዋል። በቁጭት የተመለሰው ቢሾፕ ኦክላንድ በ1955 ሄንደንን፣ በ1956 ኮሪንቲያን ካዥዋልስን፣ በ1957 ዋይኮምብ ወንደረርስን አሸንፎ ዋንጫውን በተከታታይ ሦስት ዓመት ወሰደ። በ1954/55 የውድድር ዘመን ደግሞ በኤፍ ኤ ዋንጫ ደመወዝተኞቹን ክሪስታል ፓላስን በሜዳቸው 4 ለ 2፣ ኢፕስዊች ታውንን በድጋሚ ጨዋታ 3 ለ 0 ረትቶ እስከ አራተኛው ዙር ከዘለቀ በኋላ በዮርክ ሲቲ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወጣ። ዮርክ በዚያ ዓመት እስከ ግማሽ ፍጻሜ የተጓዘ ቡድን መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ክለቡ ለምን በእንግሊዝ ሊግ ውስጥ አልነበረም? በዚያ ዘመን ከታች ያለ ክለብ በነጥብ ብቻ ወደ ሊጉ የሚያድግበት መንገድ አልነበረም። በየዓመቱ የሊጉ ክለቦች ተሰብስበው በድምፅ ይመርጡ ነበር፤ ቀጥተኛ ማደግና መውረድ የተጀመረው በ1987 ነው። ቢሾፕ ኦክላንድ ደግሞ አማተር ሆኖ መቆየቱን የመረጠ ክለብ ነበር፤ ይህም ምርጫ የኩራት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በጊዜው የሒሳብም ጉዳይ ነበር። የባለሙያ ተጫዋች ደመወዝ በጣሪያ የታጠረ ሲሆን፣ በ1958 ከፍተኛው በሳምንት 20 ፓውንድ ነበር። እንደ ብራድሊ ያለ መምህር ወይም እንደ ልዊን ያለ ነጋዴ የተረጋጋ ሥራውን ጥሎ በ30ዎቹ ዕድሜ ለሚያልቅ የኳስ ሕይወት ቢሰለፍ የሚያገኘው ትርፍ አነስተኛ ነበር። በዚያ ላይ በአማተር ክለቦች ዘንድ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም ግን በይፋ የማይናገረው ልማድ ነበር፤ ተጫዋቹ ከጨዋታ በኋላ የመንገድ ጫማውን ሊያደርግ ሲል ውስጡ የተጣጠፈ የገንዘብ ኖት ያገኛል። ይህ «የጫማ ገንዘብ» ይባል ነበር። ሕጉን የሚጥስ ቢሆንም በእኛ እምነት ተጫዋቾቹን ከመውቀስ ይልቅ፣ 100,000 ሰው ትኬት ገዝቶ የሚያየውን ተጫዋች ምንም እንዳይከፈለው የከለከለውን ደንብ መጠየቅ ይበልጥ ፍትሐዊ ነው።

የዚህ ሥርዓት ውጤት ዛሬ ለማመን ያስቸግራል። ለቢሾፕ ኦክላንድ የተጫወተው አጥቂ ሼመስ ኦኮኔል፣ አማተር እንደሆነ ለቼልሲም ተሰልፎ በ1954/55 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ከሆነው ቡድን ጋር ነበር፤ በመጀመሪያ ጨዋታው በማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ሦስት ግብ አስቆጥሮ ቼልሲ ግን 6 ለ 5 ተሸንፏል። ብራድሊ ከአደጋው በኋላ በዩናይትድ ቀርቶ በዚያው ዓመት በከፊል ጊዜ ባለሙያነት ፈረመ፤ መምህርነቱን ሳይተው ለዋናው ቡድን ተጫወተ፤ በ1959 ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 3 ጊዜ ተሰልፎ 2 ግብ አስቆጠረ። በአንድ የውድድር ዘመን ለእንግሊዝ አማተርም ለዋናውም ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ ብቸኛ ተጫዋች እሱ ነው። በኋላም የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኗል።

ክለቡን ትልቅ ያደረገው ይኸው ሥርዓት ሲናድ ክለቡም አብሮ ወረደ። በ1961 የደመወዙ ጣሪያ ሲነሣ፣ ጎበዝ ተጫዋች አማተር ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት ጠፋ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በአካባቢው የከሰል ጉድጓዶች ተራ በተራ ሲዘጉ፣ ሜዳውን የሚሞላው ሕዝብና የሰፈሩ ኢኮኖሚ አብረው ሳሱ። በ1974 የእግር ኳስ ማኅበሩ በአማተርና በባለሙያ መካከል የነበረውን ልዩነት ሰርዞ የአማተር ዋንጫውን አቆመ፤ ቢሾፕ ኦክላንድ ንጉሥ የነበረበት ግዛት በአንድ ውሳኔ ከካርታው ጠፋ። ኖርዘርን ሊግም በበኩሉ አዲስ ከተዘረጋው የማደግና የመውረድ ሰንሰለት ጋር ላለመያያዝ እስከ 1991 ድረስ አንገራገረ፤ ይህ እምቢታ በአባል ክለቦቹ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከባድ ነበር ብለን እናምናለን። ቢሾፕ ኦክላንድ ራሱ በ1988 ወደ ኖርዘርን ፕሪምየር ሊግ ተሻግሮ ለ18 ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ በ2006 ወደ ቀድሞ ቤቱ ወረደ።

ዛሬስ? ክለቡ አለ። ከክሪኬት ክለብ ጋር ይጋራው የነበረውን ኪንግስዌይ የተባለ ታሪካዊ ሜዳውን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከለቀቀ በኋላ፣ ለዓመታት በጎረቤቶቹ ሜዳ በተከራይነት ተንከራቶ በ2010 ሄሪቴጅ ፓርክ ወደተባለው የራሱ ስታዲየም ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለረጅም ዘመን የሊግ ክለብ የነበረው ዳርሊንግተን በኪሳራ ተበትኖ እንደ አዲስ ሲቋቋም፣ እስከ 2016 ድረስ መጠለያ የሰጠው ይኸው ሜዳ ነው። በቅርብ ዓመታት ክለቡ የሚንቀሳቀሰው በእንግሊዝ እግር ኳስ 8ኛና 9ኛ እርከኖች አካባቢ ነው፤ ፕሪምየር ሊጉን አንደኛ ብለን ስንቆጥር ማለት ነው።

እንደ ዩናይትድ ደጋፊ ሁለቱ ክለቦች በይፋ ውድድር ሲገናኙ ማየት ቢመኙ፣ መንገዱ ያው የኤፍ ኤ ዋንጫ ነው። በዚህ እርከን ያለ ክለብ ውድድሩን የሚጀምረው በፈረንጆች ኦገስት በሚደረጉት የመጀመሪያ ማጣሪያዎች ሲሆን፣ የፕሪምየር ሊግ ክለቦች ወደሚገቡበት የጃንዋሪው ሦስተኛ ዙር ለመድረስ ሰባት ወይም ስምንት ዙር በተከታታይ ማለፍ ይኖርበታል። የማጣሪያዎቹ ውጤት በእግር ኳስ ማኅበሩ በየዙሩ ስለሚወጣ፣ የቢሾፕ ኦክላንድን ጉዞ ከሐዋሳ ሆነው መከታተል አይከብድዎትም።