ከፒስ ኮር ጋር ሄዶ ስለማስተማር ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ኮሌጅ ጨርሰሽ በፒስ ኮር፣ ማለትም በጎ ፈቃደኞችን ወደ ውጭ አገር በሚልከው የአሜሪካ መንግሥት ድርጅት፣ አፍሪካ ሄደሽ ለማስተማር አስበሻል። እናትሽ ግን «በነጻ እንድትሠሪ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ?» ብለው አለቀሱ። «ልሂድ ወይስ ልተው?» ነው ጥያቄሽ።

እኔም እንደ አንቺ ከሜሪላንድ ነው የሄድኩት። ሰሜን ማላዊ፣ ሩምፒ አካባቢ ባለ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተማርኩ። ሦስት ወር ሥልጠና፣ ከዚያ ሁለት ዓመት። 27 ወር መሆኑን ለእናትሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው፤ ኋላ ሲሰሙት ይብሳል።

አባቴም መጀመሪያ በጣም ተቆጥቶ ነበር። ኋላ ግን ራሱ ልጅ እያለ ሒሳብ ያስተማረው የፒስ ኮር መምህር እንደነበር አነሳልኝ። በ1955 ዓ.ም. ወደ 280 የሚሆኑ ወጣት አሜሪካውያን ኢትዮጵያ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ማስተማር ጀምረው ነበር። ከእናንተም ቤተሰብ በእነሱ የተማረ አይጠፋም፤ ጠይቂ።

ገንዘቡንም አትደብቂ። ደመወዝ የለም። ለቤትና ለምግብ የሚበቃ ይሰጥሻል፣ ሕክምናሽ ይሸፈናል፣ ስትጨርሺ ደግሞ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ መቋቋሚያ ታገኛለሽ። የፌዴራል የተማሪ ብድር ካለብሽ ክፍያው እንዲቆይልሽ መጠየቅ ትችያለሽ። በአንዳንዱ ብድር ላይ ግን ወለዱ መቁጠሩን አያቆምም፤ አስቀድመሽ አጣሪ።

እኔን የከበደኝ ማስተማሩ ራሱ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ 84 ልጆች፣ አንድ መጽሐፍ ለአራት። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይገባቸዋል ብዬ በራሴ ፍጥነት ነዳሁት። «ገባችሁ?» ስል ሁሉም በአንድ ድምፅ «የስ፣ ሰር!»። የመጀመሪያውን ፈተና ያለፉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አጠገቤ የሚያስተምር ማላዊ መምህር ነው የነገረኝ፦ «አነጋገርህ አልገባቸውም። አልገባንም ማለት ደግሞ አንተን ማሳፈር ይመስላቸዋል።» ከዚያ በኋላ ዝግ አልኩ። ትእዛዙን ሁሉ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ በቡድን ሆነው በአካባቢው ቋንቋ በቺቱምቡካ ይነጋገሩበታል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ክፍሉ ነፍስ ዘራ። አንድ ሙሉ ተርም ግን በእኔ አለማወቅ ባከነባቸው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ቢያንስ ስድስት ወር እዚያው ሰፈርሽ ላሉ አዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ አስተምሪ። ያንቺ ስህተት በእነዚያ ልጆች ላይ እንዳይወድቅ።

ሌላው መልካችን ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ በማላዊ ያልፋሉ። አንድ ቀን ሰሜን ማላዊ ውስጥ ካሮንጋ ከተማ አጠገብ ኬላ ላይ እኔን ብቻ ከሚኒባስ አስወረዱኝ። ፓስፖርቴን አይተው ወዲያው ለቀቁኝ። ዞር ስል ሁለት ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ከተማሪዎቼ ብዙም አይበልጡም። አንደኛው «ወንድሜ፣ ሐበሻ ነህ?» አለኝ። ውኃና ዳቦ ገዛሁላቸው፣ የሚሉትን አስተረጎምኩላቸው። ከዚያ ሚኒባሱ ጥሩምባ ነፋና ሄድኩ። የፓስፖርትሽ ኮፒ ምንጊዜም ከእጅሽ አይለይ። እንዲህ ያለ ነገር ሊያጋጥምሽ እንደሚችልም ልብሽን አዘጋጂ፤ በሥልጠናው ላይ ማንም አልነገረኝም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ሂጂ። የምልሽ ግን ዘንድሮ ሳይሆን ከስድስት ወር ልምምድ በኋላ ነው። እናትሽ ከሰው አፍ መስማት ከፈለጉ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አባቴ ደውሎ ሊያናግራቸው ፈቃደኛ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ጠይቄዋለሁ።