የመኪና ኮምፒውተር ከመግዛትሽ በፊት ኦሙን አስለኪ

እህቴ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የመኪናሽ ዳሽቦርድ መብራቶች ባንዴ ይበራሉ፣ የአርፒኤም (የሞተር ፍጥነት) ቀስቱ ዜሮ ላይ ይወድቃል፣ ሲደርቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል ብለሻል። ዲያግኖስ ሲደረግ ዩ0100 የሚል የብልሽት ኮድ ወጣ፣ ጋራዡም «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለሽ። እባክሽ ገንዘብ አታውጪ። እኔ አውጥቼ ስላየሁት ነው።

ዩ0100 «የሞተሩን ኮምፒውተር ድምፅ መስማት አቃተኝ» የሚል፣ መኪናዋ ውስጥ ያለ የሌላ ኮምፒውተር ስሞታ ነው። ያልተሰማው ተቃጥሏል ማለት አይደለም። ኃይል አጥቶ፣ ማሳው (ከቦዲ ጋር የሚታሰረው የነጌቲቭ ሽቦ) ላልቶ ወይም መሐል ላይ ሽቦው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ዝናብ ጠብቆ የሚመጣ፣ ሲደርቅ የሚሄድ ችግር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሶኬትና የሽቦ ነገር ነው።

የኔ ኮሮላ ልክ እንዳንቺው ነበረች። ክረምት ላይ ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ስመለስ መብራቱ ሁሉ በራ፣ መሪው ደነደነ። ኮዱ ያው ዩ0100 ነበር። ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ አስገጠምኩ፤ መኪናዋ ጭራሽ አልነሳም አለች። የቁልፉ ኮድ ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር አይተዋወቅም። ዕቃው አይመለስም፣ ገንዘቡም ሄደ።

ነገሩን የፈታው አቶቴ አካባቢ ያገኘሁት አንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ፈቶ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀ፤ ከዚያ ከመሪው ሥር ባለው የዲያግኖስ ሶኬት ላይ በ6ኛውና በ14ኛው ቀዳዳ መካከል ያለውን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) በቴስተር ለካ። (14ኛው ከ6ኛው ትይዩ ታችኛው ረድፍ ላይ ነው።) ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩባቸው ካን የሚባሉት ሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች እዚያ ይወጣሉ። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ባለ 120 ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ዕቃ) በትይዩ ስለተገጠመ ጤነኛ መስመር 60 ኦም ያህል ያነባል። 120 ካነበበ ወደ አንዱ ጫፍ የሚሄደው ተበጥሷል። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሁለቱ ተነካክተዋል። 40 ከሆነ አንድ ሰው ተጨማሪ ሬዚስተር ያለው ዕቃ ገጥሟል።

የኔዋ 60 አነበበች። እሱ ግን በዚህ አላቆመም፤ ቴስተሩ እንደተሰካ የዳሽቦርዱን ሥር ሽቦ እየያዘ ቀስ ብሎ ሳበ። ድንገት 120! ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ጂፒኤስ አስገጥሞ ኖሯል፤ የገጠመው ሰው የካኑን ሽቦ ቆርጦ በእጁ አጠማዞ በናስትሮ ጠቅልሎት ነበር። ከፊት መስታወት ጥግ የሚንጠባጠብ ውኃ ነክቶት መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። እስከ ጤነኛው ድረስ ቆርጦ በየደው፣ በሙቀት የሚጨመደድ ላስቲክ አለበሰው፣ ሁለቱን ሽቦዎች እንደገና አጠማዘዛቸው። መጠማዘዙ ለውበት አይደለም፤ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ሁለቱንም እኩል እንዲነካና ልዩነታቸው እንዳይዛባ ነው። ስለዚህ ያንቺንም የሚጠግን ሰው አላልቶ እንዳይተወው ተከታተይ። የመስታወቱንም ፍሳሽ አስደፍኚ፤ እኔ መጀመሪያ ሳላስደፍን ቀርቼ በሁለተኛው ሳምንት ምንጣፉ እንደገና ራሰ።

ባትሪሽም ይታይ። አርፎ 12.6 ቮልት አካባቢ ካልሆነና ሞተር ሲነሳ በጣም ከወደቀ፣ ኮምፒውተሮቹ እየተኙ እንዲህ ያለ ኮድ ይመዘግባሉ። የማሳ ሽቦዎቹ ቦዲና ሞተር ላይ የሚታሰሩበት ቦታ ዝጎ ከሆነ ይጠረግ። ሁሉም ደህና ከሆነ ባትሪው ይታሰርና ቁልፉ ተከፍቶ እነዚያኑ ሁለት ቀዳዳዎች ከማሳ ጋር ያስለኩት፤ 6ኛው ከ2.5 ቮልት ትንሽ ከፍ፣ 14ኛው ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት።

ኮምፒውተሩን የሚጠረጥሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያኔም መጀመሪያ የራሱ ፊውዝና ማሳ ይለካ።

አላርም ወይም ጂፒኤስ ተገጥሞባት ያውቃል? ሲዘንብ ያስለካሽውን ቁጥር እዚሁ ጻፊልኝ።