ከመርፌው በፊት ምርመራው
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማዕድና አእምሮ

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ለስኳሯ ሜትፎርሚን ከጀመረች ስምንት ዓመት አልፏታል፤ ለጨጓራዋም ኦሜፕራዞል ትውጣለች። አጽዋማቱን አንዱንም አታስታጉልም። ከዓመት ወዲህ ዝምታ አብዝታለች፣ ሆድ ይብሳታል፣ ትረሳለች፤ እግሯንም ጉንዳን የሚሄድበት ይመስል ውርር ያደርጋታል። ጎረቤት «ሐሳብ ነው» ይላል። የሰፈራችን ክሊኒክ «የነርቭ መርፌ» ትጀምር ብሏል። ትወጋ? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ ደም ይስጡ። ሐዘን፣ መርሳትና የእግር መውረር አብረው ከመጡ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትን መጠርጠር ይገባል። የነርቭ ሽፋን የሚጠገነውም ሆነ ስሜትን የሚገዙት የአንጎል ኬሚካሎች የሚሠሩት በዚህ ቫይታሚን እገዛ ነው። ሲጎድል ሰው የከፋው ይመስላል፤ ዘመድ ያጽናናል፣ ነርቩ ግን በዚያው መጠን ይጎዳል።

ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንም ሆነ ጤፍ የላቸውም። እንዲህም ሆኖ ጾሙን ብቻ መውቀስ አይገባም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ነው፤ ጉበት ደግሞ ለዓመታት የሚበቃ ያከማቻል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ጎተራ አያራግፍም። የእናትዎ ችግር ጎተራው መልሶ አለመሙላቱ ነው። በፍስክ ቀን ሥጋ ቢበሉም ኦሜፕራዞል ቫይታሚኑን ከምግቡ የሚያላቅቀውን የጨጓራ አሲድ ይቀንሳል፤ ሜትፎርሚን ደግሞ አንጀት የሚስበውን ያሳንሳል። (መድኃኒቶቹን ግን በራሳቸው እንዳያቆሙ።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ደም ማነስ የለብዎትም» ከተባለ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ፎሌት (ሌላው የቢ ቫይታሚን) አላቸው፤ ቢ12 ቢጎድልም ፎሌት የደሙን መልክ ያስተካክላል፣ ነርቩን ግን አያድንም። ስለዚህ ከሙሉ የደም ቆጠራ ጋር የቢ12 መጠን በስሙ ይጠየቅ። የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም አብሮ ይታይ፤ ታይሮይድ ሲቀዘቅዝም ሰው ይደበራል፣ ይረሳል። ቢ12 በሚሊ ሊትር ከ200 ፒኮግራም በታች ከሆነ እጥረት ነው፤ ከ200 እስከ 300 አጠራጣሪ ነውና ከምልክቱ ጋር ተዛምዶ ይታያል። መርፌው አስቀድሞ ከተወጋ ቁጥሩ ከፍ ብሎ እውነቱን ይሸፍነዋል። እግራቸው እየከዳቸው ከሆነ ግን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደሙ ተቀድቶ መርፌው በዚያው ቀን ሊሰጥ ይችላል።

የብልቃጡን ጽሑፍ ያንብቡ። «የነርቭ መርፌ» የሚባለው ብዙ ጊዜ የቢ1፣ የቢ6 እና የቢ12 ድብልቅ ነው፤ ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለወራት ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። እጥረቱ ከተረጋገጠ የተለመደው የቢ12 መርፌ 1000 ማይክሮግራም ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ሐኪም ይወስናል። ለማቆያ በየቀኑ የሚዋጥ 1000 ማይክሮግራም ክኒንም ይሠራል፤ ከዚያ ውስጥ በራሱ ሰርጎ የሚገባው አንድ በመቶ ያህል ስለሆነ ነው መጠኑ የበዛው። ቫይታሚኑ የሚመረተው በባክቴሪያ ነው እንጂ ከሥጋ አይደለም፤ የካፕሱል ሽፋን ግን ከእንስሳ ሊሠራ ስለሚችል ለጿሚ ደረቁ ክኒን ይሻላል። ድካሙ በሳምንታት ይቀላል፣ ውርርታው ወራት ይፈጃል፤ ብዙ ከቆየ ሁሉም ላይመለስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጾም በገባ የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን ያመኛል፣ ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈትቼ ከአቦል እስከ በረካ ስጠጣ ይለቀኛል፤ ሌሊት ግን ልቤ እየመታ እንቅልፍ አጣለሁ። ስኳሬ እየወረደ ይሆን? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ የስኳር ሕመም ከሌለብዎት ጉበትዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስኳርዎን ይዞ ያቆየዋል። የያዘዎ የቡና ሱስ ይመስላል። ቡና ሲቀር የሚመጣው ሕመም የመጨረሻው ስኒ ከተጠጣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ እስከ 9 ቀንም ሊቆይ ይችላል። ጾም ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ ይቀንሱ። ሲፈቱም ውኃ ይቅደም፣ ምግብ ይከተል፣ ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ይራቅ፤ ከእንጀራውና ከምስሩ የሚገባውን ብረት ያስቀራልና። እንቅልፍ የነሳዎት ካፌይኑ ነው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጡት ግማሹ ያህል ከምሽቱ 3 ሰዓትም በደምዎ ውስጥ አለ፤ የወሊድ መከላከያ ክኒን ለምትወስድ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ ቶናና በረካ ይቅሩ።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ይለያል። ቢንቀጠቀጥና ቢያልበው ስኳሩን ይለካ፤ በዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ ወዲያው አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ሊትየም (ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠውን መድኃኒት) ይወስዳል። መጾም ይችላል?

መልስ፦ ከሥጋና ከወተት መከልከሉ አይጎዳውም፤ ከውኃ መከልከሉ ነው የሚያሰጋው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ሊትየሙን አላስወጣ ይላልና በደሙ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ውኃ እየጠጣ፣ የጨው ልማዱን ሳይቀይር፣ ሐኪሙንና ንስሐ አባቱን አማክሮ ይጹም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን አታስገድድም። የሊትየም መጠኑን ጾሙ ሳይገባና ከገባ በሳምንቱ ያስለካ። ራሱን ቢያመው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይንካ፤ ሊትየሙን ከፍ ያደርጋሉ። እጁ በኃይል ከተንቀጠቀጠ፣ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው፣ ከተንገዳገደ ወይም ምላሱ ከተሳሰረ ቀጣዩን ክኒን ሳይውጥ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።