አስትሮኖሚ ቀላል ነው ላሉሽ፦ የጨረቃን የቤት ሥራ አታሳድሪ

እህቴ፣ «ሶሻል ወርክ ልማር ነው፤ ላብ (ላቦራቶሪ) ያለው አንድ ሳይንስ ግድ ነው ተባልኩ። አስትሮኖሚ ይቀላል ይላሉ፣ እውነት ነው? ሒሳብ ብዙም አልወድም» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። «ኮከብ ማየት እኮ ነው፣ ዝም ብለሽ ውሰጂው» እያሉ የመለሱልሽንም አየሁ። እኔ ይህን ኮርስ ሁለት ጊዜ ወስጄዋለሁ፤ አንዴ ዲ አመጣሁ፣ አንዴ ኤ። ረዘም ስለሚል ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መልሴ ውሰጂው ነው። ቀላል ስለሆነ ግን አይደለም።

እኔን እዚያ ክፍል ያስገባኝ የኮሌጁ አማካሪ ቢሮ ነው። ሁለት ሰዓት ጠብቄ ተራዬ ሲደርስ ሴትየዋ ከስክሪኗ ቀና ሳትል «ሒሳብ ትፈራለህ? እንግዲያው አስትሮኖሚ ውሰድ፣ ፎቶዎቹ ያምራሉ» አለችኝ። ፎቶዎቹ ያምራሉ! ማታ ዋሺንግተን መሀል ፓርኪንግ ጋራዥ እየሠራሁ፣ ጠዋት ዓይኔን እያሸሁ ክላስ የምገባ ሰው፣ ለፎቶ 800 ዶላር የምከፍል መሰልኳት። ላቡ ማታ ማታ ሰማይ ማየት እንደሚጠይቅ ትንፍሽ አላለችም። ስለዚህ፦

1. ከመመዝገብሽ በፊት ሲለበሱን፣ ማለትም የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ፣ አግኝተሽ «ኦብዘርቬሽን» (ሰማይ የማየት ሥራ) የሚለውን ፈልጊ። ከመቶ ስንት እንደሚይዝ እዪ። የእኔ 20 ነበር። አንቺም የማታ ሥራ ላይ ነሽ ብዬ ልገምት፤ እዚህ አገር የማታ ሥራ ያልሞከረ ሐበሻ አላውቅም። ከጣሪያ ሥር የሚያሳድርሽ ሥራ ከሆነ ከአሁኑ አለቃሽን አናግሪ።

2. ሒሳቡን አትፍሪ። ከባድ የሚባለው የፕላኔትን ርቀትና ፀሐይን የምትዞርበትን ጊዜ የሚያገናኘው የኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ነው፤ እሱም ካልኩሌተር ላይ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ጁፒተር ከፀሐይ ያላት ርቀት የምድርን 5.2 እጥፍ ነው። 5.2ን ሦስት ጊዜ በራሱ አባዢው፣ 140 ከምናምን ይመጣል፤ የእሱን ስኩዌር ሩት ስታወጪ 11.9 ገደማ። በቃ፣ ጁፒተር ፀሐይን አንዴ ለመዞር 12 ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይፈጅበታል። የእኔን ነጥብ የበላው ሒሳብ ሳይሆን ቋንቋ ነው። ፈተናው ላይ «ዊንተር ላይ የቀትር ፀሐይ ከፍ ትላለች ወይስ ዝቅ?» የሚል መጣ። ጭንቅላቴ ዊንተርን ወዲያው «ክረምት» ብሎ ተረጎመው። ክረምት ደግሞ ለእኔ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ጭቃና በቆሎ እሸት። «ከፍ ትላለች» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ «ለምን ይበርዳል?» ሲል «ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅ» አልኩ። ይህኛውን እንኳ አብረውኝ የተማሩት አሜሪካኖችም ግማሾቹ ስተውታል። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ የእኛ ገና ሊደርስ ሲል ነው፤ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። በጁላይ 152 ሚሊዮን ይሆናል። ብርዱን የሚያመጣው የምድር ዘንግ በ23.5 ዲግሪ ማዘንበሉ ነው፤ በዊንተር ሰሜኑ ከፀሐይ ወዲያ ስለሚያዘነብል የቀትር ፀሐይ ዝቅ ትላለች። ዊንተርን ክረምት ብለሽ አትተርጉሚ፤ በጋ ብትይው ይሻላል።

3. ጨረቃ። ወይኔ ጨረቃ። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወውና ታሪኩን ልንገርሽ።

የቤት ሥራው ይህ ነበር፦ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ቢያንስ 20 ጊዜ ጨረቃን አይተሽ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ ከአድማስ ያላትን ከፍታ መመዝገብ፣ ቅርጿንም መሳል። ሲያዩት የልጅ ሥራ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስቴ አየሁና ተውኩት። ዛሬ ደመና ነው፣ ነገ ድርብ ሽፍት፣ ከነገ ወዲያ የወንድሜ ልጅ ክርስትና። ማስረከቢያው ሁለት ቀን ሲቀረው ደብተሬ ላይ ያሉት እነዚያው ሦስት ጨረቃዎች ናቸው።

ምን አደረግኩ? ስልኬ ላይ የጨረቃ አፕ ጫንኩና፣ ጋራዡ መግቢያ ላይ ካለችው የመስታወት ቤት ቁጭ ብዬ በአንድ ሌሊት 17 ጨረቃ ሳልኩ። በብልጠቴ እየኮራሁ! የአንድ ቀን ሥራ እንዳይመስል ሦስት ዓይነት እስክሪብቶ እያፈራረቅኩ ጻፍኩ። አንዱ ገጽ ላይ ሆን ብዬ ቡና አንጠባጠብኩበት። ቀኑ ትክክል፣ ምን ያህሉ እንደበራ ትክክል፣ ሁሉም ከአፑ ነው።

ፕሮፌሰሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው። ቢሯቸው ጠሩኝና ደብተሩን ገለጡ። መጀመሪያ ምልክት ያደረጉባቸው፣ ብታምኚኝም ባታምኚኝም፣ በእውነት በዓይኔ ያየኋቸውን ሦስቱን ነው። ማጭድ የመሰለችው አዲስ ጨረቃ አጠገብ «1:15» ብዬ ጽፌያለሁ። «በዚህ ሰዓት ይህቺ ጨረቃ ከጠለቀች ስንት ሰዓቷ» አሉኝ። እኔ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር! አስረዳኋቸው፤ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንደሚጀምር፣ ቀትር 6 ሰዓት እንደሆነ። ፈገግ ብለው በጥሞና ሰሙኝና ሦስቱን ተቀበሉ። ተረፍኩ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ገጹን አዞሩ። የሴፕቴምበር ጨረቃ፣ ፀሐይ እንደጠለቀች፣ ምዕራብ። እኔ የሳልኳት ቀንዶቿ ሁለቱም ወደ ላይ፣ ልክ ጣና ላይ እንደሚሄድ ታንኳ በጀርባዋ የተኛች። «ይህቺን የት ሆነህ አየሃት?» አሉኝ። «ጋራዡ ጋ።» ዝም ብለው አዩኝ። ወረቀት ስበው ሁለት አድማስ ሳሉ፣ አንዱ ዋሺንግተን፣ አንዱ ኢትዮጵያ። እዚህ 39 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በመጸው ወራት (ሴፕቴምበርና ኦክቶበር) የጨረቃ መንገድ አድማሱ ላይ ተጋድሞ ስለሚያልፍ፣ የማታዋ ማጭድ ወደ ጎኗ ትቆማለች፣ የበራው ወገኗ ወደ ቀኝ። ታንኳ የምትመስለው ወደ ምድር ወገብ ለቀረበ ሰው ነው። እዚህም በፈረንጆቹ ጸደይ (ማርችና ኤፕሪል አካባቢ) አንዳንዴ ትተኛለች፤ በሴፕቴምበር ግን አትተኛም። አፑ ስንት ከመቶ እንደበራ ነገረኝ እንጂ እንዴት እንደተጋደመች አላየሁለትም፤ እጄ የሳለው ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር ያየኋትን ጨረቃ ነው። የአገሬ ጨረቃ አጋለጠችኝ።

የቀረውን በሁለት ቃል ጨረሱት፦ ሙሉ ጨረቃ፣ «ጥርት ያለ ሰማይ» ብዬ በጻፍኩበት ማታ ሲዘንብ ነው ያደረው። እሳቸው ጃንጥላ ይዘው ወደ መኪናቸው ሲሮጡ አስታውሰውታል።

ለ20 ነጥቡ ዜሮ። በዚያ ላይ የሥነ ምግባር ቢሮ ተጠራሁ። እዚያ ያለችው ሴትዮ ስሜን ከፋይሉ አንብባ፣ አፌን ሳልከፍት «አስተርጓሚ ትፈልጋለህ?» አለችኝ። አልፈልግም አልኩ። ቀጥላ «አገራችሁ ይህ የተለመደ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን...» ብላ ጀመረች። ያጠፋሁት እኔ፤ አገሬን ምን አመጣት? አገሬማ አስይዛኝ ሄደች! ይህን እንዳልላት ምላሴን ነከስኩ። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል፣ ብላት ይሻለኝ ነበር።

ዲ አገኘሁ። ልዛወርበት የፈለግኩት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሲ በታች ያለውን አይቆጥርም። ሌላ 800 ዶላር፣ ሌላ ሴሚስተር። ይህን ያህል የምለፈልፈው ኮርሱ ከሌላው የተለየ ስለሆነ ነው። ሌላ ኮርስ ላይ ያመለጠሽን በአንድ ሌሊት ታጠኚዋለሽ፤ ያለፈች ጨረቃ ግን ተመልሳ አትወጣልሽም።

ሁለተኛውን ዙር እዚያው ፕሮፌሰር ጋ ተመዘገብኩ። ጓደኞቼ አብደሃል አሉኝ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ጀመርኩ። ጋራዡ አምስተኛ ፎቅ ጣሪያው ክፍት ነው፤ እረፍቴን እዚያ አደረግኩት። ደብተር መያዝ ስለማይመች የተበላሹ የፓርኪንግ ትኬቶች ጀርባ ላይ ሳልኩ። ከፍታውን በጭብጥ ትለኪያለሽ፤ ክንድሽን ቀጥ አድርገሽ ስትዘረጊ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ትንሿ ጣት አንድ ዲግሪ። ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ናት። አትመኝም አይደል? ሙሉ ሆና ከሕንፃ ጀርባ ብቅ ስትል ሰፌድ የምታህለውን በትንሿ ጣትሽ ሸፍኚያት። እኔ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ነው ያመንኩት። አንድ ደንበኛ መኪናውን ሊያወጣ መጥቶ ቡጢዬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ሲያገኘኝ ሰልፍ የወጣሁ መስሎት «እደግፍሃለሁ ወንድሜ» ብሎኝ ሄደ።

በሳምንቱ ነገሩ ገባኝ። ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ዛሬ ከጁፒተር በዚህ በኩል ከሆነች ነገ ከአንድ ጭብጥ በላይ ወደ ምሥራቅ ሄዳለች። የሰሜን ኮከብንም ለካሁ፦ ወደ አራት ጭብጥ፣ 39 ዲግሪ፤ ልክ የከተማው ኬክሮስ። ባሕር ዳር ብሆን አንድ ጭብጥ ከትንሽ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የአንቺ የጨረቃ ምዝገባ እስከ ኖቬምበር ከዘለቀ፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ በሚመለስበት እሑድ ጨረቃ ድንገት የቀደመች ይመስልሻል። እሷ አይደለችም፣ ሰዓቱ ነው። ኅዳግ ላይ ጻፊው።

ከዚያ የምኮራበት ቀን መጣ። ፕሮፌሰሩ ሜቶን የሚባል የግሪክ ሰው በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት እንደሚገጥሙ አስተውሎ ነበር ብለው ሲያስተምሩ እጄን አወጣሁ። «እኛ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ፋሲካን በዚህ ነው የምናወጣው» አልኩ። አባቴ ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫውን፣ ያሰላ ነበር፤ ልጅ ሆኜ «አበቅቴ ስንት ወጣ?» ሲባል ትርጉሙ አይገባኝም ነበር። የሚቀጥለው ክላስ ላይ አሥር ደቂቃ ሰጡኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፦ የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ 354፣ ልዩነቱ 11፤ ይህ 11 በየዓመቱ እየተደመረ፣ 30 ሲያልፍ 30 እየተገደፈ አበቅቴ ይሆናል፤ አበቅቴና መጥቅዕ (ሌላው የፋሲካ ማውጫ ቁጥር) ሲደመሩ ሁልጊዜ 30። ሽማግሌው ራሳቸው ማስታወሻ ያዙ። እኔን በ«1:15» የያዙኝ ሰውዬ!

የከዋክብቱ ክፍል ከአጋማሽ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ወጥመዶቹን ብቻ ልበልሽ። የብርሃን ዓመት ርቀት ነው፣ ጊዜ አይደለም። የድምቀት መለኪያው ተገልብጦ ነው የተሠራው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል፣ የአምስት ልዩነት ደግሞ መቶ እጥፍ ነው። ከዋክብትን በሙቀትና በድምቀት የሚደረድረው የሄርትዝስፕሩንግ ራስል ዲያግራም ላይ ሙቀቱ ወደ ግራ ነው የሚጨምረው፤ ለምን እንዲህ ሆነ ብለሽ አትናደጂ፣ እኔ ተናድጄ አይቼዋለሁ። ቀለሙ ላይ ደግሞ የቧንቧውን ምልክት እርሺ፦ ሰማያዊ ኮከብ ነው ትኩሱ፣ ቀዩ ቀዝቃዛው። የከሰሉን ፍምና የጋዝ ምድጃውን ሰማያዊ ነበልባል አስቢ። ፀሐይ 5,800 ኬልቪን ገደማ ናት፤ ቤቴልጌዝ የሚባለው ቀይ ኮከብ 3,500 አካባቢ ሆኖ እንኳ በግዝፈቱ ብቻ በብርሃን ይበልጣታል።

ለመጨረሻው ፕሬዘንቴሽን ሁሉም ሰው ፕሉቶንና ብላክ ሆልን ይሻማል። አንቺ ቡናን ውሰጂ። አልቀለድኩም፤ አንድሮሜዳ በሚባለው ኅብረ ኮከብ ውስጥ ያለችው ኤችዲ 16175 የምትባል ኮከብ በፈረንጆቹ 2019 ኢትዮጵያ እንድትሰይም ዕድል ተሰጥቷት «ቡና» ተብላለች፣ የምትዞራት ፕላኔትም «አቦል»። እኔ ጀበና ይዤ ነው የገባሁት። ስለ ቶና ጠየቁኝ፤ ሁለተኛ ፕላኔት ከተገኘ እሱ ነው አልኳቸው።

ትኬቶቹ 31 ናቸው፣ በላስቲክ አስሬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። እንዴት እንደሚመዘገብ እንድታዪ ፎቶ አንስቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። እንዳትገለብጪያቸው ብቻ፤ የእኔ ጨረቃና የአንቺ ጨረቃ በ11 በ11 ቀን እየተላለፉ ነው፣ ሽማግሌው ደግሞ አሁን አበቅቴ ያውቃሉ።