መልስ፦ አልኮል አልጠጣም፣ ኤኤልቲ 68 ወጣብኝ፤ ጉበቴ ተጎድቷል?
ወንድሜ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ጣሪያ 40 ከሆነ፣ 68 የእሱን እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ መለስተኛ ጭማሪ ነው። ኤኤልቲ (አንዳንድ ላብራቶሪ ኤስጂፒቲ ብሎ ይጽፈዋል) በዋናነት ጉበት ሴሎች ውስጥ የሚገኝ ኢንዛይም ነው፤ ሴሎቹ ሲጎዱ ወደ ደም ይወጣል። ጉበትህ ሥራውን ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ግን አይናገርም፤ ለዚያ ቢሊሩቢን፣ አልቡሚንና የደም መርጋት ምርመራ ይታያል።

የጉበት ስብ ለማይጠጣም ሰው ይመጣል። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እመረመር ነበር፤ ቢ እኛ አገር ብዙ ነው፣ ሰውም ሳያውቀው ይኖራል። ኤኤስቲ የሚባለው ሌላው ኢንዛይም ብቻውን ቢጨምር ኖሮ ከጡንቻም ሊሆን ይችላል እልህ ነበር፤ ከባድ ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ላይ ይታያል።

የቲቢ መድኃኒት ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል፣ እየወሰድክ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪምህ ንገር። ዓይንህ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ ቀጠሮ አትጠብቅ።